ካሴቶቻችሁን ከመገልበጣችሁ በፊት፦ ከነጻዎቹ መመሪያዎች የትኛው ለየትኛው ሥራ

ካርቶን ሙሉ ካሴት ይዞ «ይህን ወደ ፍላሽ እንዴት ላድርገው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት መልስ አንዱን ያገኛል። «ዩኤስቢ ያላትን ትንሽ ዎክማን ግዛ» ይሉታል፤ ወይም «ሱቅ ወስደህ በኤምፒ3 አስቀዳው»። ሁለቱም ድምፁን ያሰማሉ፤ ግን ክሩ ላይ ካለው ብዙውን እዚያው ትተውት ይመጣሉ። ዎክማኗ ክሩን በእኩል ፍጥነት አትስብም፣ ሄዷን (ክሩን የምታነበውን ክፍል) ማስተካከልም አይመችም። ኤምፒ3 ደግሞ «ጆሮ አይለየውም» ብሎ የጣለውን፣ ነገ ድምፁን ለማጥራት ስትፈልጉ አታገኙትም።

ትክክለኛውን አሠራር የሚያስተምሩ ሰነዶች ኢንተርኔት ላይ በነጻ ሞልተዋል። አስቸጋሪው አብዛኞቹ ላቦራቶሪና በጀት ላላቸው ተቋማት መጻፋቸው ነው። መቶና ሁለት መቶ ገጽ እንግሊዝኛ አገላብጦ ቤቱ ውስጥ ለሚሠራ ሰው የሚሆነውን አሥር ገጽ መለየት ራሱን የቻለ ድካም ነው። ያንን ድካም እንድትዘሉት ሥራው በሚሄድበት ቅደም ተከተል፣ የቱን ሰነድ የት ላይ መክፈት እንደሚያዋጣ እነግራችኋለሁ።

ጊዜው ለምን እንዳጠረ አስቀድመን እንተዋወቅ። ዩኔስኮና በምኅጻር አያሳ የሚባለው ዓለም አቀፉ የድምፅና የተንቀሳቃሽ ምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ማግኔቲክ ቴፕ የማንቂያ ፕሮጀክት ጀምረው ነበር። ማንቂያው ክሩ ይበላሻል የሚል ብቻ አይደለም። በደህና የተቀመጠ ካሴት ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላም ይዘፍናል፤ ቀድሞ የሚያልቀው ማጫወቻው ነው። የቪኤችኤስ ማጫወቻ የመጨረሻ አምራች ተብሎ የሚታወቀው የጃፓኑ ፉናይ ምርቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ነው። ስለዚህ ያለችው ገንዘብ ከኮምፒውተር በፊት ለማጫወቻውና ለመለዋወጫው ትዋል። ሶፍትዌሩ ነጻ ነው።

ምንም ሳታጫውቱ መጀመሪያ ደርድሩ። ከገበያ የተገዛ የታወቀ ዘፋኝ ካሴት ሌላ ብዙ ቤት አለ፤ ከካርቱም ወይም ከቤሩት በድምፅ ተቀርጾ የተላከ ደብዳቤ ግን ያለው አንድ ብቻ ነው። ለቅሶ ላይ የተቀዳ ሙሾ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልምምድ፣ የእድር ስብሰባ፣ የአያት ተረት ይቅደሙ። ሰው ሁሉ ግን ከዘፈኑ ይጀምራል፤ ደስ ስለሚል ነው። የዘፈን ሽፋን ያለውንም ቢሆን ሳታዳምጡ ወደ ጎን አትበሉት። ካሴቱ ጀርባ ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች በፕላስተር ወይም በተጣጠፈ ወረቀት ከተደፈኑ አንድ ሰው በላዩ ላይ ቀድቶበታል ማለት ነው፤ ውስጡ የቤተሰብ ድምፅ ሊኖር ይችላል።

ለእያንዳንዱ ካሴት ቁጥር ስጡ፤ ሁለቱ ገጾች ለየብቻ ይመዝገቡ። ኮሚዩኒቲ አርካይቪንግ ወርክሾፕ የሚባለው ቡድን ለትንንሽ ማኅበረሰቦች ያዘጋጀው መመሪያ ለዚህ ደረጃ ይበቃል፤ ሌላ አትፈልጉ። የእኛን አገር ጣጣ ግን የትኛውም የውጭ መመሪያ አይነግራችሁም። ካሴቱ ላይ «85» ተብሎ ከተጻፈ 1985 ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ. 1985? ሁለት ዓምድ አድርጉ፤ አንዱ ካሴቱ ላይ እንዳለ የተገለበጠ፣ ሌላው እናንተ ያሰላችሁት። «ሠርግ» እና «ሰርግ»፣ «ፀጋዬ» እና «ጸጋዬ» ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንዱን ፈልጋችሁ ሌላው አይወጣም። ለፍለጋ የሚሆነውን ዓምድ ባንድ ዓይነት አጻጻፍ ሙሉ። ዝርዝሩን ከኤክሴል በሲኤስቪ ስታስቀምጡ ደግሞ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ካልመረጣችሁ ግዕዙ ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካል፤ ፋይሉን ከዘጋችሁት በኋላ መመለሻ የለውም። የድምፅ ፋይሎቹ ስም አጭር ይሁን፣ በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ። አማርኛው ርዕስ ቦታው ዝርዝሩ ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ካሴቱን በዓይን መመርመር ነው። የአያሳ ቲሲ-05 የተባለው መመሪያ ስለ አያያዝና አቀማመጥ ነው፤ የካሴቱን ክፍል ብቻ ማንበብ ይበቃል። በመስኮቱ በኩል ጥቅልሉ ላይ ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው። ማጫወቻ ውስጥ አይግባ፤ ሄዱ ላይ የቀረው ብናኝ ወደሚቀጥለው ካሴት ይሻገራል። ለብቻው ለይታችሁ ደረቅና አየር የሚያገኝ ቦታ አቆዩት፤ በክረምት አትንኩት፤ ስታጸዱትም ማስክ አድርጉ።

ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ፣ የታፈነ፣ ብቅ ጥልቅ የሚል ከሆነ ክሩን ወደ ሄዱ የምትገፋው ትንሿ ለስላሳ ጨርቅ ከስፕሪንጓ ላይ ወድቃ ይሆናል። ሙጫዋ ደርቆ ነው፤ ክሩ ጤነኛ ነው። ባለ አምስት ብሎን ባዶ ቀፎ ፈልጋችሁ ጥቅልሉን አዛውሩ። የላይኛውን ክዳን ከማንሳታችሁ በፊት ካሴቱን ጠረጴዛ ላይ በሰፊው ጎኑ አስተኙ፣ ክሩ የሚያልፍበትንም መንገድ በስልክ ፎቶ አንሱ። ክር ከተበጠሰ መቀጠያው 3.81 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የካሴት ማጣበቂያ ነው። ተራ ስኮች ሙጫው እየቀለጠ አጠገቡ ያለውን ዙር ይይዘዋል። ከዚያ የጀርባዎቹን ሁለት ቀዳዳዎች የሚሸፍኑትን ያልተሰበሩ ጥርሶች ስበሩ፤ በስህተት የተነካች የመቅጃ ቁልፍ ሁሉን ነገር እንዳታጠፋው ነው። ከመቅዳት በፊት እስከ ጫፍ ወደፊት፣ ከዚያ ወደኋላ አንድ ጊዜ አጠንጥኑ፤ ለዓመታት የተጣበቀውን ያላቅቃል፣ ክሩም እኩል ይጠቀለላል።

ማጫወቻው የቤት ዴክ (ከስቴሪዮ ጋር የሚያያዘው ትልቁ ማጫወቻ) ይሁን፤ አውቶ ሪቨርስ (ካሴቱ ሳይገለበጥ ሌላውን ገጽ ማጫወቻ) የሌለው ቢሆን እመርጣለሁ፤ ሄዱ ወዲህና ወዲያ በዞረ ቁጥር ቦታውን ይስታልና። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 120 ቮልት ነው፤ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። የካሴት ዴኮች ሞተር በአብዛኛው ዲሲ ስለሆነ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ መሆኑ ፍጥነቱን አይለውጠውም። በኤሲ ሞተር የሚሽከረከር የቆየ የሪል ማጫወቻ ግን ለ60 ኸርዝ ከተሠራ እዚህ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ይዘገያል፤ ትራንስፎርመርም አያድነውም። ሄዱንና ካፕስታኑን (ክሩን የሚስበውን ቀጭን የብረት ዘንግ) ቢያንስ ዘጠና በመቶ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በየካሴቱ ጥረጉ። ለጎማው ሮለር ለብ ያለ ውኃና ጠብታ ሳሙና ይበቃል። ድምፁ እየተወዛወዘ ካስቸገረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቺንጋው ነው፤ ላልቷል።

አሁን የሥራው እምብርት ላይ ደርሰናል። አንድ ሰነድ ብቻ የማንበብ ጊዜ ካላችሁ የአያሳን ቲሲ-04 አንብቡ፤ ከእሱም ስለ ማጫወት የሚያወራውን ምዕራፍ። እያንዳንዱ ቴፕ ሪኮርደር ሲቀዳ ሄዱ ትንሽ ያዘነብላል፤ አዚመት ይሉታል። ስታጫውቱ የእናንተ ሄድ በዚያው ልክ ካላዘነበለ ቀጫጭኑ ድምፅ ይጠፋል። ከሄዱ አጠገብ፣ በትንሽ ስፕሪንግ ላይ የተቀመጠች ብሎን አለች። ሳትነኳት በፊት ያለችበትን ቦታ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉ። ድምፁን ሞኖ አድርጋችሁ ኢርፎን ሰኩ፣ ክሩን አስኪዱ፣ በቀጭን ካቻቢቴ ከሩብ ዙር ባነሰ ግራና ቀኝ ሞክሩ። የተናጋሪው «ሰ»፣ «ሸ» እና «ጨ» ጥርት ብለው የሚወጡበት አንድ ነጥብ አለ፤ ከዚያ ካለፋችሁ እንደገና ይደፈናል። እዚያው ተዉት። ሁለተኛው ገጽ የራሱ ነጥብ አለው፤ ሲገለበጥ እንደገና ይፈለጋል። ይህ ሳይደረግ የተቀዳውን በኋላ ኢኳላይዘር አያድነውም፤ የምትጨምሩት ሽሽታውን ብቻ ነው።

ዶልቢ የሚለው የሽሽታ መቀነሻ ቁልፍ ብዙ ሰው ያደናግራል። በተንቀሳቃሽ ቴፕ የተቀዳ የቤት ድምፅ ዶልቢ የለውም ማለት ይቻላል፤ አጥፉት። ሽፋኑ ላይ ምልክቱ ካለ ብቻ ይብራ፤ እሱም አዚመቱ ከተስተካከለ በኋላ። ቀጫጭኑ ድምፅ ሳይስተካከል ዶልቢ ከበራ የጎደለውን ጭራሽ ይቀንሰዋል።

ገጠር የተቀዱ ካሴቶች ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥም ሌላ ነገር አለ፤ ሰዎቹ ሁሉ እንደ ሕፃን ቀጭን ድምፅ ይዘው ይሮጣሉ። ሲቀዳ ባትሪ ድንጋዩ እየደከመ ስለነበር ክሩ በዝግታ ሄዷል፤ በትክክለኛው 4.76 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ ሲጫወት ይፈጥናል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻም እየባሰ ይሄዳል። የዴኩን ፍጥነት ለማስተካከል አትታገሉ፤ በመደበኛው ፍጥነት ቅዱትና ቅጂው ላይ አርሙት። ሪኮርደሩ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ የተቀዳ ከሆነ ደግሞ መለኪያ አላችሁ። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ፕሮግራም ውስጥ ስፔክትረሙን (ድምፁ በየትኛው ኸርዝ ላይ እንዳለ የሚያሳየውን ግራፍ) ስታዩ የመብራቱ እምምታ 50 ኸርዝ ላይ መሆን ነበረበት፤ 52 ላይ ከተገኘ ቅጂው አራት በመቶ ፈጥኗል። ልክ 50 ላይ ሁልጊዜ ያለ መስመር ግን የእናንተው ዴክ የሚያመነጨው ሊሆን ስለሚችል ካሴቱን አቁማችሁ አረጋግጡ።

የላፕቶፑ ማይክ ጃክ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሞኖ ነው፣ ድምፁንም በራሱ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ላይን ኢን (ከማጫወቻ የሚመጣውን ድምፅ መቀበያ ቀዳዳ) ያለው ትንሽ የዩኤስቢ ኦዲዮ ካርድ ግዙ። የዊንዶውስን «ድምፅ ማሻሻያ» አጥፉ፤ የቴሌግራም ማሳወቂያም ይዘጋ፣ ካልሆነ ሙሾው መሀል ቲንግ ይላል። ቅጂው ዋቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት)፣ 24 ቢት፣ 96 ኪሎ ኸርዝ ይሁን። ቦታ ካጠረ 48 ለንግግር አይጎዳም፤ ቲሲ-04ም ዝቅተኛው ወለል የሚለው እሱን ነው። ከፍተኛው የድምፅ መጠን ከዜሮ በታች 12 እስከ 6 ዴሲቤል ይድረስ፤ ዜሮን የነካ ድምፅ ተቆርጧል፣ አይመለስም። በ96 ስቴሪዮ የአንድ ሰዓት ካሴት ሁለት ጊጋባይት ከፍ ይላል፤ መቶ ካሴት ሁለት መቶ ጊጋባይት አካባቢ ነው። የዛሬ ሃርድ ዲስክ ለዚህ አያንስም። ጊዜው ነው የሚያንሰው፤ ለአንድ ሰዓት ካሴት ሁለትና ሦስት ሰዓት ያዙ። መብራት እንደሚሄድ እየታወቀ ሁለቱን ገጽ ባንድ ፋይል መቅዳት ደግሞ ዕዳ ነው፤ በየገጹ አስቀምጡ፣ ዩፒኤስም ይኑር።

ዋናው ፋይል ላይ ሽሽታ አታጥፉ፣ አትቁረጡ፣ ድምፅ አትጨምሩ። የማጥራቱ ሥራ ሁሉ ሌላ ቅጂ ላይ ይሠራ። ቢደብልዩኤፍ ሜታኤዲት የሚባለው ነጻ ፕሮግራም መግለጫ በራሱ በዋቭ ፋይሉ ውስጥ ለማስገባት ይረዳል፤ ግን መደበኛው የመግለጫ ቦታ ግዕዝ ፊደል እንዲቀበል የተሠራ ስላልሆነ እዚያ የካሴቱን ቁጥርና እ.ኤ.አ. ቀኑን ብቻ ጻፉ።

ቪዲዮው ይከብዳል። እውነቱን ለመናገር፣ ጥቂት የሰርግ ካሴት ብቻ ያለው ሰው ቤቱ ከሚጀምር ጥሩ መሣሪያ ላለው ባለሙያ ቢሰጥ ይሻላል፤ ነገር ግን ምን እንደሚጠይቅ ይወቅ። ከአሜሪካና ከካናዳ የመጣ ካሴት ኤንቲኤስሲ በሚባለው የቪዲዮ ሥርዓት ነው፤ የእኛ፣ የእስራኤል፣ የጣሊያንና የጀርመን ፓል። «ሁሉን ያጫውታል» የሚባሉት ብዙዎቹ ማጫወቻዎች ኤንቲኤስሲውን ለቴሌቪዥን እንዲስማማ አድርገው በግማሽ ልብ ነው የሚቀይሩት፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ካርድ ግራ ይጋባል፣ ቀለሙ ይጠፋል። ስለዚህ ከአሜሪካ የተላከን ካሴት እዚያው ያለ ዘመድ እዚያው ቢያስገለብጠው ይቀላል።

ከማጫወቻው የሚወጣው በኤስ ቪዲዮ ኬብል ቢሆን ይመረጣል፤ ለኬብልና ለጃክ ዓይነቶች ኬብል ባይብል የሚባለውን ገጽ እዩ። በመሀል ታይም ቤዝ ኮሬክተር ያስፈልጋል። የድሮ ክር ምስሉን በእኩል ጊዜ ስለማይልክ፣ ያለ እሱ ካርዱ ፍሬሞችን እየዘለለ ይቀዳል። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሙሽራዋ ከንፈርና ድምፁ የሚለያዩት በዚህ ነው፤ ወይም ድምፁ በሌላ ካርድ ለብቻው ሲገባ። ቀጥታ ወደ ኤምፒ4 የሚቀዱትን ርካሽ የዩኤስቢ ዘንጎች ተዉአቸው። ቤተ መዛግብት የሚጠቀሙት ኤፍኤፍቪ1 የሚባለውን ምንም የማይጥል መጨመቂያ በማትሮስካ ፋይል ውስጥ ነው፤ አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2021 በኢንተርኔት መመዘኛ አውጪው ስብስብ ሰነድ ቁጥር 9043 ሆኖ ታትሟል። ሳይጨመቅ በሰዓት ዘጠና ጊጋባይት ከፍ የሚለው የፓል ምስል በእሱ ግማሽ አካባቢ ይሆናል። ቪሬኮርድ የሚባለው ነጻ መቅጃ ይህን ሁሉ አዘጋጅቶ ይሰጣል፤ ግን ማክ ወይም ሊነክስ እና የብላክማጂክ ካርድ ይፈልጋል።

የተቀዳውን ኪውሲቱልስ በሚባለው ፕሮግራም ክፈቱ፤ ብርሃኑ የተቃጠለበትንና ፍሬም የጠፋበትን በግራፍ ያሳያል። ያያችሁት እንከን ስሙ ካልገባችሁ ኤቪ አርቲፋክት አትላስ እያንዳንዱን በምስል ያስረዳል። መለያ ዘዴው ቀላል ነው፤ እንደገና አጫውቱት። እንከኑ እዚያው ፍሬም ላይ ከተመለሰ ክሩ ላይ ያለ ነው፤ ቦታ ከቀየረ ማጫወቻውን አጽዱ። ከምስሉ ግርጌ የምትንቀጠቀጠው ቀጭን መስመር የቪኤችኤስ ባሕርይ ነች፤ ዋናው ፋይል ላይ አትቁረጧት። ወደ ስልክ የሚላከውን ትንሽ ቅጂ ስታዘጋጁ ኤፍኤፍኤምፕሮቪዘር የሚባለው ገጽ ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለውን የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ትእዛዞች እያንዳንዱ ቃል ምን እንደሚሠራ እየተነተነ ያስቀምጣል። ትእዛዙን ሳይረዱ ገልብጦ መለጠፍ ፋይል ያጠፋል።

ማስቀመጡ ላይ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ ሁለቱ በተለያየ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ያለ ዘመድ ዘንድ። ሁለቱን ዲስክ ካንድ ሱቅ ባንድ ቀን አትግዙ፤ አብረው የተመረቱ አብረው የመሞት ልማድ አላቸው። ፋይሎቹን ቤገር በሚባለው የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነጻ ፕሮግራም ብታሽጉ ለእያንዳንዱ ፋይል የማረጋገጫ ቁጥር ይሠራለታል። አንዲት ቢት ከተለወጠች ቁጥሩ አይገጥምም። በየዓመቱ መስከረም ላይ ፈትሹት፤ የተበላሸውን ከሌላው ቅጂ ተኩ። ዩቲዩብ ማሳያ ነው፣ ጨምቆ ነው የሚያስቀምጠው። ቴሌግራም እንደ ፋይል ከላካችሁት እስከ ሁለት ጊጋባይት ሳይነካ ያደርሳል፤ ስለዚህ አንድ ገጽ ካሴት ለዘመድ መላኪያ ይሆናል፤ ማከማቻ ግን አይደለም።

መመሪያዎቹን ራሳቸውንም አውርዱ። የብሪቲሽ ላይብረሪ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በደረሰበት የሳይበር ጥቃት የድምፅ ስብስቦቹ ከኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ጠፍተው ነበር፤ ኢንተርኔት አርካይቭም በ2024 ጥቅምት ለቀናት ተዘግቷል። ትልቅ ስብስብ ያላቸው ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት የብሪቲሽ ላይብረሪውን ኢንዴንጀርድ አርካይቭስ ፕሮግራምና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ያለውን ሞደርን ኢንዴንጀርድ አርካይቭስ ፕሮግራም ይመልከቱ፤ ሁለቱም ለዚህ ዓይነት ሥራ ገንዘብ ሲሰጡ ቆይተዋል። የጊኒ ሬዲዮ የድምፅ መዝገብ ወደ ዲጂታል የተቀየረው በመጀመሪያው ድጋፍ ነው። ወደ ሕዝብ ከመልቀቃችሁ በፊት ግን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንዳለ አስቡ፤ ደብዳቤው ላይ የሚናገሩትን ሰዎች ቤተሰብም ጠይቁ።

ካሴቱ ከተገለበጠ በኋላ አይጣል። እስከ ጫፍ ተጠንጥኖ፣ በማስቀመጫ ሣጥኑ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከስፒከርና ከጣራ ሙቀት ርቆ ይቀመጥ። ዴኩንም ከትርፍ ቺንጋ ጋር አቆዩት፤ በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አስኪዱት፣ ጎማው ቆሞ እንዳይደርቅ።